የካሳሁን ድርብ ጫማ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.፣ ሱሉልታ

የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ብርዱ ጠንክሯል። እማዬ እንደ ሁልጊዜው ከምድጃው ርቃ ተቀምጣለች። «እሱ በበረዶ ውስጥ ሆኖ እኔ ልሙቅ?» ትላለች። ወንድሜ ካሳሁን ኦስትሪያ ተራራ ላይ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። ሬሳ ስላላየች ልቅሶ አልተቀመጠችም።

አመሻሹ ላይ ገብረየስ መጣ፤ እዚያ አብሮት ይማር የነበረው። ካርቶን ይዟል። በር ላይ አስቁሞኝ በዝግታ ነገረኝ። ነሐሴ ላይ በረዶው ሲቀልጥ የካሳሁን ጫማ ተገኘ… ጫማው ብቻ። ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ጎን ለጎን ቆሞ። በአካባቢው የሚያርፉበት ጎጆ የለም።

«ለእናትህ ለእትዬ ውብአየሁ ምን እንበል?»

«ጫማው ተገኘ። ይበቃል።»

ጥቅምት ፲፫

ተሳሳትኩ። እማዬ ጫማውን በእጇ መዝና «ምነው ሰፋ? የካሳሁን እግር ሁለት ይገባበታል» አለች። አስረዳኋት… እንደ ተማሪ። ድርብ ነው፤ ውጪኛው ቆዳ በረዶን ያግዳል፤ ከወፍራም ሱፍ የተሠራው ውስጠኛው ሙቀት ይይዛል። ተራራ ወጪዎች ማረፊያ ጎጆ ሲደርሱ ውጪኛውን ደጅ አውልቀው በሱፉ ይገባሉ።

«ሱፉስ?»

«አልተገኘም።»

ባዶውን ውስጡን በእጇ ዳበሰች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«እንግዲያው ገብቷላ። ጫማውን ደጅ ያወለቀ ሰው ቤት ገብቷል።»

ስለ ጎጆው ለምን ጨመርኩ? ማን ጠየቀኝ?

ጥቅምት ፲፰

ጫማውን በረንዳ ላይ አፍንጫውን ወደ ደጅ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት። ጠዋት ወደ ቤት ዞሮ አገኘሁት። ትናንትም እንዲሁ። ነፋስ አያዞረውም፤ ከባድ ነው። ምክንያት ይኖረዋል… ቢሆንም በአጠገቡ ሳልፍ እርምጃዬ ይፈጥናል።

ጥቅምት ፳፩

ጎረቤታችን ኦቦ ባጫ ሊጠይቁን መጡ። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ ጫማውን አዩና «ይሄ ጫማ ነው ጎጆ? ካሳሁን ሚስት ቢያገባ ይኖርበታል» አሉ። እማዬ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ…

«ሲመጣ በሩ እንዳይጠፋው እያዞርኩለት ነው» አለቻቸው።

የኦቦ ባጫ ሳቅ ቆመ። ስሸኛቸው ክንዴን ያዙኝ። «ለጥምቀት ይደርሳል ብላ አልጋውን አንጥፋለች። የምታውቀው ካለ ንገራት ልጄ። ተስፋው ይገድላታል።»

ጥቅምት ፳፬

ነገርኳት። ጫማው በተገኘበት ቦታ ጎጆ የለም። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ሥነ ሕይወት ነው፤ አውቀዋለሁ። በብርድ ሊሞት የተቃረበ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚቃጠል ይመስለዋል። ልብሱን ይጥላል፣ ጫማውን ይፈታል።

የተፈታውን የጫማ ማሰሪያ በጣቷ ነካች።

«ታዲያ ሞቆት ነው የሄደው?»

ትክክለኛው መልስ እንደዚያ አጭር አይደለም።

«ሞቆት ነው» አልኳት።

«አልበረደኝም እያለ ሄደ በለኛ…» ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ለኦቦ ባጫ ንገራቸው። ድንኳን ይተከል።»

ኅዳር ፩

ልቅሶው አለፈ። በሬሳው ፋንታ ጫማው ነበር። ኦቦ ባጫ አንዱን፣ እኔ ሌላውን ከፍ አድርገን ይዘን በለቀስተኛው መካከል ዞርን። እኔ አላለቀስኩም። ክብደቱን እያሰብኩ ነበር… ባዶ ሆኖ እንዲህ የከበደው።

ኅዳር ፱

እማዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። የካሳሁንን አልጋ አነሣች። ትናንት ጫማውን በገዛ እጇ ወደ ደጅ አዞረችው። «ይሂድ፤ መንገዱን አንዝጋበት» ብላ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቤት ዞሮ ነበር።

እሷ አይደለችም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ እኔ ነኝ ያዞርኩት። ለምን? ምክንያት ፈለግኩ… የለኝም።

«ና ሙቅ እንጂ፣ አንተ ልጅ» አለችኝ አሁን፣ ቦታ እየለቀቀችልኝ።

«አልበረደኝም» አልኳት።