በመኪና ማቆሚያው ስለ ተፈጸመው ጉርሻ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ጉዳይ ዲን
ባሉበት

ጤናዎ እንደ ግቢያችን ሣር፣ በዚህ በስደት አገር የነሐሴ ድርቅ እንኳ ውሃ የማይጓደልበት ለምለም ይሁን እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ሳምንት የአርባኛ ዓመቱን በዓል እንግዶች ሲያስጎበኙ፣ በአጋጣሚ ከኋላዎ ነበርኩ። «ይህ ግቢ ተማሪው መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ተምሮ የሚሄድበት ነው፤ የተማሪ ሕይወት የሚባል ነገር የለውም፤ ከሥራ ሰዓት በኋላማ ማንም የለም» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ዲን ስለ ራሱ ግቢ የተናገረውን የማታ ተማሪ ሊያርመው ስለማይገባ፣ ቃልዎን እንዳለ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ከሌሉት ሰዎች አንዱ ነው።

በአማርኛ መጻፌን ድፍረት አያድርጉብኝ። ቢሮዎ በር ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ በየቋንቋው ተለጥፏል። የእኛው ተዘቅዝቆ ነው የታተመው፤ ቢሆንም ግብዣ ግብዣ ነው ብዬ አንገቴን አጣምሜ አንብቤ ገብቻለሁ። ግልባጩንም ለማኅበረሰባችን ጋዜጣ ልኬያለሁ፤ እርስዎ ጊዜ ቢያጡ የሚያነብልዎ ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ይርጉ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ቀን ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል፣ ማታ አካውንቲንግ ይማራል፣ ዘንድሮ በታኅሣሥ ይመረቃል። ሃይሚ ደግሞ እዚሁ ቅርባችን ካሮልተን ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ዘንድሮ የገባች አዲስ ተማሪ ናት። በመስከረም ወር አንድ ማታ፣ ግቢው ጥግ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ይርጉ ሃይሚን አጎረሳት። የግቢው ፖሊስ በትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናው ሲያልፍ አየ። እነሆ ይርጉ «አዲስ ተማሪን በማስገደድና በማዋረድ» ተከሶ የፊታችን ሐሙስ እርስዎ በሚመሩት ጉባኤ ፊት ይቀርባል። ማኅበራችንም ከወዲሁ ታግዷል። ይርጉ ጥፋተኛ ከተባለ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ እናቱ ቪዛ አግኝተው ሊያዩት የሚመጡለት ምርቃትም ይቀራል። የይርጉን ነገር ዝም ብዬ ስለማላልፍ፣ ቅሬታዬን በአክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. የተማሪ ሕይወት የለም ያሉት ነገር። እኛ ከሥራ ወጥተን ስንደርስ ካፍቴሪያው በሩን ዘግቶ ይጠብቀናል። የሚቀረው ሳንቲም ውጦ ዝም የሚል የብስኩት ማሽን ነው። ለዚህ እንክብካቤ ምስጋናዬ ጥልቅ ነው፤ ባይዘጋብን ኖሮ አንተዋወቅም ነበር። ሰው የራበው ሰዓት ላይ ነው የሚተዋወቀው። የማኅበራችን አባል ዙሌይካ ከምትኖርበት ከቪከሪ ሜዶ ሰፈር በፎጣ ጠቅልላ ሽሮ ታመጣለች፣ የይርጉ አሮጌ ካምሪ መኪና ኋላ ይከፈታል፣ ትሪው እዚያ ይዘረጋል። ሥጋ ፈጽሞ አይገባበትም፤ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ ተባብለን ትሪ እንዳንለይ ያወጣነው ሕግ ነው። እርስዎ የእምነቶች መቀራረብ ብለው ስብሰባ የሚጠሩበትን ጉዳይ እኛ በሽሮ ጨርሰነዋል። ፈተና የወደቀ እዚያው ይጽናናል፣ ሥራ የፈታ እዚያው ሥራ ያገኛል። እኔ ራሴ፣ ሃምሳ ዓመቴን ይዤ አልጀብራ የገባኝ እዚያው ነው። ታዲያ ይህ የተማሪ ሕይወት ካልሆነ፣ ትክክለኛውን ስም ቢልኩልን እንጠቀምበታለን።

፪ኛ. የፖሊሱ ሪፖርት። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ጸሐፊው ሥራውን እንደሚወድ ያስታውቃል። «ተማሪዋ ሦስት ጊዜ እምቢ አለች፤ ተጠርጣሪው ግን ቀጠለ፤ የቆሙትም አጨበጨቡ» ይላል። አንዱም ውሸት አይደለም። ሃይሚ፣ «ኖ ኖ፣ ኦኬ ነኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብላለች። ይርጉም የአገር ልጅ ነውና፣ «በሞቴ! ይርጉ ይሙት! አንድ ብቻ፣ ኧረ እጄን አታሳፍሪው!» ብሏል። ይርጉ ቃሉን ሲሰጥ በስልክ የተጠራው አስተርጓሚዎ ይህን ቃል በቃል ስለተረጎመልዎ፣ ክሱ ላይ «ራሱን እንደሚያጠፋ በመዛት» የሚል ተጨምሯል። ስለ ነፍሱ ተጨንቀው የምክር አገልግሎት ቀጠሮ ስለያዙለት እናመሰግናለን። እኛ ግን በአንድ ምሳ ሦስት አራቴ የምንሞት ሰዎች ነን፤ ቀጠሮው እንዳይጣበብብዎ እሰጋለሁ።

ሦስት ጊዜ እምቢ ማለቷን በተመለከተ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ ገና ሲጋብዙት እሺ የሚል ሰው አስተዳደጉ ይጠየቃል። ሦስት ጊዜ «ጠግቤያለሁ» ማለት የእንግዳው ጨዋነት ነው፤ ሦስቱንም አለማመን የጋባዡ ጨዋነት ነው። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ሥርዓቱን አንድም ሳታጓድል ስትፈጽመው አይተን ነው ያጨበጨብነው። ፖሊሱ እንደ ወንጀል የመዘገበውን እኛ እንደ ጥሩ አስተዳደግ ነው የቆጠርነው፤ አክስቶቿ ቢያዩ ያለቅሱ ነበር።

፫ኛ. ታሪክን በተመለከተ። ለበዓሉ ያሳተሙትን የሚያምር መጽሐፍ ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ግቢያችን የከብት መሰማሪያ እንደነበረ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከላሞች ጋር መንገድ እየተጋፉ ክፍል ይገቡ እንደነበረ ተምሬያለሁ፤ ያን ጊዜም የግቢው ችግር መኪና ማቆሚያ ነበረ። መሀል ገጹ ላይ ካለው ፎቶ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። እጁን ወደ ኋላ የታሰረ አንድ አዲስ ተማሪ ፊቱን እስከ ጆሮው ክሬም ኬክ ውስጥ ነክሯል። አንጋፋዎቹ ከላይ ሆነው ማጅራቱን ይጫኑታል። ከሥሩ «የማይረሳው የመጀመሪያ ሳምንታችን፣ ተወዳጅ ወግ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ በኋላ ሀብታም ሆኖ አዳራሽ አሠርቶልናል፤ ሐሙስ ይርጉ የሚከሰሰውም በእሱ ስም በተሰየመው አዳራሽ ነው። ከዚህ የተረዳሁት ወግ ለመባል ማጅራት መጫን እንደሚያስፈልግ ነው። ይርጉ የተጠቀመው በሦስት ጣቱ ብቻ ስለሆነ፣ መስፈርቱን አለማሟላቱን አልክድም።

፬ኛ. ይህ የመጨረሻው ነው፤ ያለ ፈገግታ ነው የምጽፈው። የሃይሚ ስም በክሱ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አለ። ተዋረደች ይላል፣ ተገደደች ይላል፣ ደነገጠች ይላል። የእሷ ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። ስለ አንዲት ልጅ ይህን ያህል ተጽፎ፣ ቢሮዎ አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ «ምን ሆንሽ?» አላላትም። ክብሯን ልትጠብቁላት ተነሥታችሁ፣ እሷን ማናገር ረስታችኋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ትሪው ጋ አትመጣም፤ ራት የምትበላው የራሷ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታ ነው። ያሸማቀቃት የእናንተ ክስ መሆኑን ለማወቅ የሥነ ልቦና ሊቅ አያስፈልግም።

ስለዚህ ክሱ እንዲነሣ፣ የማኅበራችን እገዳ እንዲሻር፣ ይህ ባይሆን እንኳ የኬኩ ፎቶ ለጉባኤው በማስረጃነት እንዲቀርብልን እጠይቃለሁ። ይቅርታ ግን አንጠይቅም። ትሪውም ዛሬ ማታ እንደወትሮው ይዘረጋል፤ ፖሊሱ ቢመጣ እጁን ታጥቦ ይቀርባል።

ለሌሉት ተማሪዎችዎ ሌት ተቀን ስለሚደክሙ ውለታዎን መቼም የማይረሳው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ የማይኖረው ታዛዥዎ፣
ወልደ ሥላሴ፣ የማታ ተማሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሐሙስ ትሪውን ይዘን ወደ አዳራሹ እንመጣለን። የጉባኤው አባላት ምሳ በልተው እንዳይመጡ በአክብሮት አሳስባለሁ፤ ጠግበናል ቢሉ ማንም አያምናቸውም።

ይህን ጽፌ ጨርሼ ለይርጉ ባሳየው፣ አራተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎስ ጠይቀዋታል?» አለኝ። አልጠየቅኋትም ነበር። ሄጄ የመኪናዋን መስኮት አንኳኳሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ይርጉ ናይስ ሰው ነው፣ ማለቴ፣ ምንም እንዲሆን አልፈልግም። ሐሙስ መጥቼ የሆነውን እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ አልኳት። ቃሏ የለም ብዬ የከሰስኩት እኔው ስለሆንኩ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሳልሰርዝ መልሷን እንዳለ አያይዣለሁ።

«ጠግቤ ነበር» አለች።