ጋሽ ቁልፌ እና ሁለተኛው መቆለፊያ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ቁልፌ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ውድ አባታችን፣ ከአንጥረኛ አባታቸውና ከክር ፈታይ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ከድልድዩ ማዶ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአባታቸው ዓይን ሲደክም ወናፉን ተረከቡ። መቆለፊያ ፈትቶ መግጠምን ግን ማንም አላስተማራቸውም፤ በራሳቸው ለመዱት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ ልጃቸውም ፊደል የለየችው ከእርሳቸው የዕቃ መዝገብ ላይ ነውና፣ በዚህ እርሳቸውን በመምሰሏ ትኮራለች።

በ1968 ዓ.ም. በፖሊስ ንብረት ክፍል በጠጋኝነት ተቀጠሩ። የሥራ ክፍላቸው መስኮት አልነበረውም፤ የዘይትና የዝገት ሽታ አይለቀውም ነበር። ግድግዳው ላይ የማሰሪያን ዘመናት በምስማር ሰቅለው ነበር፤ እግር የሚገባበት ባለ ሁለት ቀዳዳ ግንድ፣ እግር ብረት፣ በብሎን የሚዘጋ የእጅ ብረት፣ ባለ ጥርስ ካቴና፣ ዘግይቶም በመቀስ ካልሆነ የማይፈታው የፕላስቲክ ማሰሪያ። ለሠልጣኞች ሲያስረዱ፣ የድሮው ብረት ለሁሉም አንድ ልክ ስለነበር ቀጭኑ ያመልጥበታል፣ ወፍራሙ ይደማበታል ይሉ ነበር። ባለ ጥርሱ ይህን አስቀረ፤ የራሱን ጣጣ ግን ይዞ መጣ። ከታሰረ በኋላ በተነካ ቁጥር አንድ ጥርስ እየጨመረ ይጠብቃል። ስለዚህ በጎኑ ሁለተኛ መቆለፊያ ተሠራለት፤ በቁልፉ ጫፍ ባለችው ሹል ሲጫኑት ጥርሱ ባለበት ይቆማል።

«አንደኛው እሱ እንዳያመልጥ ነው፤ ሁለተኛው አንተ ሰው እንዳትጎዳ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያም ትንሿን ጣታቸውን በብረቱና በሠልጣኙ አንጓ መካከል ያስገባሉ። ጣታቸው ካልገባች፣ አሳሪው ደግሞ እስኪያስተካክል ድረስ ምሳ የለም።

በ1974 ዓ.ም. ከሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ወንዱ የአባቱን ጣቶች ወረሰ። በሃያ ዓመቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጎን የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሰፈሩ የሚንቀሳቀሰው በእርሱ ሰዓት ነበር ቢባል ማጋነን ነው፤ ግማሹ ሰፈር ሰዓት አልነበረውም።

በ2000 ዓ.ም. ሁለት መቶ አዳዲስ ካቴናዎች ንብረት ክፍል ገቡ። አባታችን አንዱን አገላብጠው አዩት፤ ሁለተኛ መቆለፊያ የለውም። ለኃላፊው ቢያመለክቱ፣ «ጋሽ ቁልፌ፣ ይዘጋል አይደል? ከዚህ በላይ ምን ያድርግልዎ፣ ይዝፈን?» አሏቸው። በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በሁለተኛው መቆለፊያ ነገር ያላመነቱት ሰው ያን ቀን አብረው ሳቁና የመረከቢያው ቅጽ ላይ ፈረሙ።

በዓመቱ ልጃቸው ከሱቁ ተወሰደ። የተሰረቀ ሰዓት ለጥገና መቀበሉ ነበር ወንጀሉ። ከሁለቱ መቶ ካቴናዎች በአንዱ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ በጭነት መኪና ላይ ስድስት ሰዓት ተጓዘ፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ብረቱ አንድ ጥርስ ይጨምር ነበር። በማግስቱ «ሂድ፣ አንተን አይደለም» ተባለ። ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ መርፌና ክር እንኳ አይለዩም። በሪፖርቱ ላይ «ተጠርጣሪው በራሱ መንፈራገጥ እጁን ጎድቷል» ተብሎ ተጻፈ።

አባታችን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትሰረዝ አሥራ ሰባት ደብዳቤ ጻፉ። ለመጀመሪያው መልስ እንዲሆን ኃላፊዎቹ በመረከቢያው ቅጽ ላይ ያለውን የገዛ ፊርማቸውን አውጥተው አሳዩአቸው። ከሁለተኛው ጀምሮ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ጉድለቱን አይቼ ተረክቤያለሁ» ብለው ጻፉ። «ፋይሉ ተዘግቷል» ተባሉ። ከሳሽም ተከሳሽም ሆነው ቀርበው ዳኛ ያጡ ሰው ናቸው። ሁለቱ መቶ ካቴናዎችም ሥራ ላይ ቆዩ፤ ሲበላሹ የሚጠግኗቸው እርሳቸው ነበሩ።

በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ። በሁለተኛው ዓመት ቆመ። ሰዓት ሠሪ ባለበት ቤት እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ራሳቸውን ሲስቱ የተተከለላቸውን ቱቦ ስለሚነቅሉ እጆቻቸው በጨርቅ ከአልጋው ጋር ታሰሩ። ልጃቸው ትንሿን ጣቷን በጨርቁና በአንጓቸው መካከል አስገባች፤ ገባች። እርሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው «ሁለተኛውስ?» አሉ። ጨርቅ ሁለተኛ የለውም። ሌላ ቃል ሳይወጣቸው ኅዳር 9 ቀን ረፋድ ላይ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። ወንድ ልጃቸው ዛሬ አስከሬኑን ያልተሸከመው ስለማይወዳቸው አይደለም፤ እጆቹ ስለማይዙለት ነው።

አሥራ ሰባት ደብዳቤ ያላገኘው ነገር በዚህ ወረቀት ይነበብ፦ ልጃቸው አልተንፈራገጠም። ብረቱ ሁለተኛ መቆለፊያ አልነበረውም። ይህ ወረቀት ማኅተም የለውም፤ የሰማችሁትም ብትሆኑ መዝገቡን ማስከፈት አትችሉም። ቢሆንም ሰምታችኋል።

እርሳቸው ለማንም እስረኛ ያልነፈጉትን የአንዲት ጣት ስፋት፣ ፈጣሪ ለነፍሳቸው አይንፈጋቸው።