የጥቅምት 29 እና 30 ሰዎች

ኅዳር 8
የእብናት ፋይል መጣ። የእርዳታ እህል የሚጠብቁ ሰዎች ዝርዝር፣ 1,846 ሰው። ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ላስገባው ብል ቀኑን ሙሉ የስህተት መልእክት ብቻ፣ ቀይ በቀይ ሆኖ ዋለ። የምዝገባውን ቀን ማንበብ አልቻልኩም ይላል። አለቃዬ አቶ ሞገስ ሁለት ጊዜ ብቅ አሉ። "ዝናሽ፣ ነገ መላክ አለበት እኮ!" ምን ላድርግ... የማይነበብ ቀን ያለበትን ረድፍ ዝለለው የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። ወዲያው እሺ አለ። ባዶ ረድፎች ናቸው መቼስ። ናቸው አይደል?

ኅዳር 9
ተላከ። አቶ ሞገስ ሻይ ጋበዙኝ።

ኅዳር 22
አንዲት እናት ከእብናት እዚህ ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። ወይዘሮ ፈንታነሽ። ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ።

"ስም ሲለጠፍ የኔን አጣሁት። በጣቴ ፈርሜያለሁ እኮ፣ ልጄ።"

ሳይመዘገቡ ቀርተው ይሆናል አልኳቸው። እንዲህ ማለቴ!

"በጥቅምት ሠላሳ ተመዝግቤያለሁ። የኛ ቀበሌ ሩቅ ነው፣ ተራችን መጨረሻ ላይ ሆነ።"

ዋናው ፋይል ላይ ፈለግኳቸው። አሉ። እኔ በላክሁት ላይ የሉም። 214 ሰው የለም። ሁሉም ጥቅምት 29 እና 30 የተመዘገቡ። ቀኑ በቁጥር 29/2፣ 30/2 ተብሎ ነው የተጻፈው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅን አቆጣጠር ነው፤ ሁለተኛው ወር ለኛ ጥቅምት፣ ለሱ ፌብሩዋሪ። ያ ደግሞ በ28 ያልቃል። ዝለለው ያልኩት እኔ... ቁጥሩን እንኳ አላየሁም።

ኅዳር 23
ለአቶ ሞገስ ነገርኳቸው።
"ዝርዝሩ ጸድቋል፣ ዝናሽ። እህሉም በዚያው ቁጥር ተጭኗል።"
"ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ልጻፍ?"
"ጻፊ። የሚያነበው ካለ።"
ዝርዝሩን ላጸደቀው ቢሮ ጻፍኩ።

ታኅሣሥ 2
መልስ የለም።

ታኅሣሥ 6
መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር። በሚቀጥለው ዙር ይታያል ይላል። መቼ? እሱን አይልም።
ፕሮግራሙ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲያነበው አደረግኩ። 1,846ቱም ገቡ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 11
እብናት ሄድኩ። በደብዳቤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ወይዘሮ ፈንታነሽ ላሚቱን ሸጠዋታል። መዝጋቢው ይርጋ ጠልቶኝ ነው ብለው ሰላምታ ከነሡት ሰነበቱ። "ይርጋ አይደለም፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። በቻልኩት መጠን አስረዳኋቸው። ቢቆጡኝ በወደድኩ። አልተቆጡም።

"የመጣሁበት ቀን ነዋ ጥፋቱ?"

ቀኑ ምንም አላጠፋም ብል... ምን ይገባቸዋል? አዎ አልኳቸው። አሰብ አደረጉ።

"ታዲያ ለሚቀጥለው በየትኛው ቀን ልምጣ? አንቺ ንገሪኝ እንጂ፣ በዋዜማው መጥቼ አድራለሁ።"