ዕረፍት ያጣው ጉድጓድ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዲና፤

ናይሮቢ ብርድ ገባ ብለሽ ነበርና ልብስ ደርቢ። እዚህ ሙቀቱ ቤት ውስጥም አያስቀምጥ፣ ደጅም አያስወጣ። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም አለሁ።

በላክሽው መልእክት፣ በትልቁ ስብሰባ ላይ ስለ ዓለም የታዳሽ ኃይል የወደፊት ዕጣ እንደምትናገሪ፣ የእኛንም አትክልት ቦታ ለምሳሌ እንደምታሳዪ ነገርሽኝ። «አባዬ፣ ብርቱካኑ ከሶላሩ ጋር አብሮ የሚታይበት ፎቶ ላክልኝ» አልሽ። እናትሽ ደጋግማ አነበበችውና «እንግዲህ ንገራት» አለችኝ። ያን ሰሞን ደውዬልሽ ስለ ሙቀቱ ብቻ አውርቼ የዘጋሁት ለዚህ ነው። ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ በወረቀት ልሞክር።

ልጄ፣ እንደ አጎት አዴር እያልሽው ያደግሽ ጎረቤታችን ዱዓሌ አርፏል።

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ረመዳን ከተፈታ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ለእኛና ለዱዓሌ የሶላር ፓምፑን ያስተከልሽልን ሰሞን የነበረውን ደስታ ታስታውሺዋለሽ። ዱዓሌ አሮጌውን የናፍጣ ሞተር ጋሪ ላይ ጭኖ ቀፊራ ገበያ ሲወስደው፣ «ከእንግዲህ ነዳጅ ማደያ አልሰለፍም፤ የእኔን ነዳጅ አላህ በየጠዋቱ ያወጣልኛል» እያለ ይስቅ ነበር። እውነቱን ነው። በናፍጣው ጊዜ ውሃ የምንስበው ናፍጣ ሲገኝ ነበር። ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፤ እስከዚያ ጉድጓዱ አርፎ ይሞላል። ሶላሩ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ እስክትጠልቅ ይስባል። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቂያታለሽ።

የእኛንና የዱዓሌን አይቶ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሚክዳድ አስተከለ። ከእሱ በላይ ያሉትም ተከተሉ። ድሮ ባዶ ይተው የነበረው መሬት ሁሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ጥጋብ ነበር፤ አልክድም። ከዚያ ዝናቡ ሳሳ፤ የደቻቱ ወንዝ አንድም ቀን ሳይሞላ ክረምቱ አለፈ። ውሃው ወደ ታች ሸሸ።

ዱዓሌ ሰበሰበንና «በተራ እንሳብ» አለ። ሁላችንም እሺ አልን። ሚክዳድ ግን ሊሄድ ሲነሳ ጠየቀ፦ «እኔ ባቆም ውሃው ለእኔ ይቆየኛል? የላይኛው ሰው ይወስደዋል። ልጆቼ ምን ይብሉ?» ሚክዳድ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። የፈራውን ነው የተናገረው። ተራውም ሳምንት ሳይቆይ ፈረሰ።

ከሁሉ ቀድሞ የዱዓሌ ጉድጓድ ደረቀ። የሚቆፍርለት ሰው ሲያጣ ራሱ ገባ። እኔና ሚስቱ ሑዳ ከላይ ሆነን አፈሩን በባልዲ እንስባለን።

«ውጣ፣ ይሄ አፈር አሸዋ ነው፤ አይታመንም» አልኩት።

«አቦ ዘርዓብሩክ፣ እርጥቡን ነክቼዋለሁ። ትንሽ ታገሠኝ» አለኝ ከታች። ድምፁ ደስታ ነበረበት።

ከዚያ ግድግዳው ተናደ። ጆንያ ሲወድቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው የሰማሁት፤ ሌላ የለም። ገመዱን ብስበው አልመጣ አለኝ። ሑዳ ስሙን እየጠራች ነበር።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ የደረሰው ሚክዳድ ነው፤ ጥፍሩ እስኪነቀል በእጁ ቆፈረ። ስናወጣው ግን በሕይወት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑ ለቀብር ሳይወጣ፣ ዱዓሌ ግቢ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ በየአጥሩ ማዶ ፓምፖቹ ተነሱ። ማንም አልነካቸውም። ፀሐይ ወጣች፣ ተነሱ። ሼኩ ንባባቸውን ገታ አድርገው አዳመጡ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ሚክዳድ በጨርቅ በታሰረ እጁ ብድግ ብሎ ሄዶ የራሱን አጠፋ። ለቅሶው ሲያበቃ መልሶ ከፈተው። ምን ልበለው?

እኔ የእኛን ካጠፋሁት ቆየሁ። ብርቱካኑ ቅጠሉን አራግፏል። ስለዚህ ፎቶ የለኝም፣ ልጄ። አንቺ ዘንድ የአምናው እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን አታሳዪ።

ዓለም ወደ ፀሐይና ወደ ነፋስ መሄዱ አይቀርም ትያለሽ። አይሂድ አልልም፤ ናፍጣ ሲጠፋ ማሳው ላይ ቆሞ ያለቀሰውን ገበሬ አይቻለሁና። ብቻ መሣሪያውን የሚተክሉት ሰዎች፣ ማን መቼ እንደሚዘጋው ሳያስማሙን ጥለውን እንዳይሄዱ ንገሪልኝ።

ጥፋቱ የአንቺ ነው ያለ ሰው የለም። ስምሽ በክፉ አልተነሳም። ብቻ ለክረምት እመጣለሁ ያልሽውን ትንሽ አቆዪው። ሙቀቱም አይመችሽም።

ሑዳ አሁን ቀፊራ ከሰው የተረከበችውን ሽንኩርት ትቸረችራለች። ባለፈው እሑድ ልትጠይቀን መጥታ፣ እናትሽ ያቀረበችላትን ሳትነካ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ «ዲና እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት። እንዴት አንዴ እንኳ አትደውልልኝም?» አለች።

«አልነገርናትም» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችና «እኔ እኮ አፍራ ነው ብዬ ነበር» አለች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ንገራት። ትደውልልኝ። ስለ ፓምፑ ግን እንዳታነሳብኝ።»

ከመግሪብ ስግደት በኋላ ቤቷ ናት፤ ደውይላት። ስታለቅስ ዝም ብለሽ ስሚያት።

በሄድሽበት ሁሉ የሰው ፍቅር አይለይሽ። እመቤቴ በጥላዋ ትሸፍንሽ።

አባትሽ
ዘርዓብሩክ