በባልዲ የቆመው የፖስታ ሳጥን

ቶይቮላ፣ ሚሺጋን
በጥር ወር

ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? መጀመሪያ እግርህን፣ ቀጥሎ ሳልህን፣ ከዚያ ሚስትህን ነው የምጠይቅህ። እናታችን በዚህ ቅደም ተከተል ነበር የምትጠይቀው። እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በቀር» ብዬ እንዳልጨምር ውሸት አልወድም፤ ታውቀኛለህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጻፈልህ ሰው ዛሬ ብዕር ሲያነሳ ለውርስ ፊርማህን ፈልጎ እንዳይመስልህ። የምጽፍልህ ስለ ፖስታ ሳጥኑ ነው።

ስለ ጥዶቹ ያልኩህን አልመልሰውም። አባታችን በእጁ የተከላቸውን ዛፎች ማንንም ሳትጠይቅ አስቆርጠህ ሸጥክ፤ እኔም በዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ ደጃፉን እንዳትረግጥ አልኩህ። ዛሬም ጉቶዎቹን ሳይ ደሜ ይፈላል። እናታችን ግን በዚያው ሳምንት ነው ይቅር ያለችህ። «ዛፍ ነው፤ ልጅ አይደለም» አለችኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ክርክር ይያዛል?

እናታችን ስታርፍ ለስንብት ጸሎቷ አልመጣህም። ሚስትህ ስልኩን አንስታ «እነግረዋለሁ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኔ ያለውን ቦታ ማንም እንዳይቀመጥበት ካፖርቴን አስቀመጥኩበት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በካፖርቱ ተናደድኩ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ምክንያቱ ግን ተለውጧል። እሱን ነው የማስረዳህ።

እንደምታውቀው በብርዱ የደረቀው መሬት ቀልጦ እስኪለቅ ድረስ አትቀበርም። በመቃብሩ አጥር ጥግ ባለው የድንጋይ ቤት በዚህ ብርድ ከሞቱት ሌሎች ሰዎች ጋር ትጠብቃለች። ከተማ ስሄድ በዚያ አልፋለሁ። የማቆምበት ምክንያት የለም፤ ግን አቆማለሁ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ባጠፋው ያለ ማሞቂያ ትቻት የምሄድ ይመስለኛል።

ልታልፍ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አልጋዋን ወደ ፊት ለፊቱ መስኮት አስጠግቼላት ነበር። መሽቶ በረዶው በርትቷል። እኔ ወጥ ቤት ሾርባዋን እያሞቅኩ ስትጣራ ሰማሁና ሄድኩ።

«መኪና ደጅ ቆሟል» አለችኝ።

«ማንም የለም እማዬ። ነፋስ ነው» አልኳት።

«ነፋስ መብራት አለው እንዴ? ግድግዳው ላይ ሄደ እኮ! አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩህ?»

በመስኮቱ አየሁ፤ ከነጭ በቀር ምንም አልነበረም። ለሦስት ቀን ከሟች እህቷ ጋር ስታወራ ስለሰነበተች ይህንንም ከዚያ ቆጠርኩት። እጄን ይዛ «እሱ ነው» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «የደጁን መብራት አብራለት። ጨለማ ነው፤ ደረጃው ያዳልጠዋል።»

እንድትተኛልኝ ብዬ አበራሁት። ወዲያው ከመንገዱ በኩል እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ መጣ። ራስል በበረዶ ጠራጊው መኪና መንገድ ዳር የቆመውን የፖስታ ሳጥናችንን እንደገና ገጨብን ብዬ ተራገምኩ። እሷ ግን ትራሷ ላይ ተመለሰች። «መጣ እኮ» አለችና ሾርባውን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ከዚያ ወዲህ የበላችው ነገር የለም።

ጠዋት ምሰሶው ከሥሩ ተቆርጦ ሳጥኑ በረዶ ለብሶ ተጋድሟል። ሳላየው ጎትቼ ጎተራ ውስጥ ጣልኩት። በነጋታው አረፈች።

ከጸሎቱ በኋላ የሐዘን ካርዶች መምጣት ጀመሩ፤ የሚገቡበት ግን የለም። ፖስታ የምታመላልሰው ዳርሊን ሳጥን ከሌለ አላቆምም ብላ ከተማ ድረስ ታመላልሰኛለች። እኔም ንዴቴን የማራግፍበት ሰው ስፈልግ ነበርና ራስል ጋ ሄድኩ። መኪናውን ነዳጅ እየሞላ አገኘሁት። እናቴ ልትሞት እያጣጣረች ሳጥኗን ሰብረህ እንደ ሌባ ሄድክ፣ አልኩት። ሰው ፊት ነው የጮህኩበት።

አልተቆጣም። «ስማ» አለኝ፣ «ያንን ሳጥን ሦስት ጊዜ ገድዬዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ለእናትህ ተናዝዤ ሄል የገባበት ዳቦዋን በልቼ ነው የሄድኩት። የኔ ቢሆንማ ለዳቦው ስል አምን ነበር!» ከዚያ ቆቡን አወለቀ፤ ዳቦው እንደሌለ ትዝ ብሎት መሰለኝ። አላመንኩትም። ሳልሰናበተው መጣሁ።

አዲስ ሳጥን ገዛሁ። ምሰሶ ጠረብኩ። መቆፈሪያው ግን ብረት እንደመታ እየጮኸ ከመሬቱ ተመለሰ፤ አንድ ስንዝር አልገባልኝም። አባታችን በብርዱ ወራት የሚያደርገውን ታስታውሳለህ? ትልቅ ባልዲ፣ ጠጠር፣ ውሃ፤ መሃሉ ላይ ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ ማቆም። የቀረውን ብርዱ ይጨርሰዋል። እንደዚያው አደረግኩ፤ ሲነጋ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። በግንቦት እንደሚቀልጥ አውቃለሁ። ግማሹ ሥራዬ ለግንቦት የተቀጠረ ነው ዘንድሮ።

ዳርሊን መጥታ አየችውና በመስኮቷ ሳቀች። «ዝቅ አድርገው እንጂ! የኔ ክንድ ክሬን መሰለህ? ለቀጭኔ ነው እንዴ ደብዳቤ የማድለው?» በሜትር ለክቼ ነው ያቆምኩት፣ ደንቡ ይኸው ነው፣ አልኳት። «ደንቡ እዚህ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም» አለችኝ። ለማረጋገጥ የድሮውን ሳጥን ልለካ ጎተራ ገባሁ። በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሳጥኑ የተጨፈለቀው ከጀርባው ነው። በሩ ወደ መንገዱ ያያል፣ ጀርባው ወደ ቤታችን። በረዶ ጠራጊ በመንገዱ ነው የሚያልፈው፤ ጀርባውን ሊመታው አይችልም። ጀርባውን የሚመታው ከደጃችን ወደ መንገዱ በኋላ ማርሽ የሚወጣ መኪና ብቻ ነው፤ ያውም የሚቸኩል። ከጎተራው ወጥቼ የተሰበረው ምሰሶ የነበረበትን ቦታ በእጄ ቆፈርኩ። ከበረዶው ሥር ቀይ ስባሪ አገኘሁ፤ የኋላ መብራት ሽፋን ነው። ጓንቴን አውልቄ ያዝኩት። ለምን እንዳወለቅኩ አላውቅም።

እንግዲህ አንድ ሰው ያን ምሽት ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። መብራቱ ግድግዳችን ላይ ሄዷል። ቆሟል። የደጁ መብራት ድንገት ሲበራበት ደግሞ ደጃፉን አትርገጥ ያለው ሰው ሊያባርረው ያበራው መሰለው፤ ስለዚህ ሸሸ። ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። እናታችን አልጠየቀችም፤ ታውቅ ነበር። ራስልን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ታዲያ ማን ነው?» ሲለኝ «መንገድ የጠፋበት ሰው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ አያስተኛኝም። ሲመሽ ያ እንጨት ሲሰበር የመሰለው ድምፅ ይመጣል። መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ መብራት በግድግዳው ላይ ያልፋል፤ ከአልጋዋ በላይ ካለው ሰዓት ጀምሮ እስከ በሩ። መንፈስ የሚባል ነገር አላምንም፤ ብቻ አንድ ድምፅ «አብራለት» ይለኛል። ከወንበሬ ተነስቼ አበራለሁ። ደረጃውንም ጠርጌ ጨው እበትንበታለሁ። ማንም አይመጣም፤ ደረጃው ግን አያዳልጥም።

አዲሱ ሳጥን ላይ የቤተሰባችንን ስም፣ ሳርቬላ ብዬ በነጭ ቀለም ጻፍኩ። ከሥሩ የሁለታችንን ስም። በድሮው ላይ አባታችን ያንተን መጨረሻ ስለጻፈው ቦታ አጥሮት አዝምሞት ነበር፤ አንተም በልጅነትህ «ለምንድነው የኔ የሚወድቀው?» እያልክ ታለቅስ ነበር። እኔ ቦታ ሞልቶኝ ሳለ አዘመምኩት። ቀጥ ያለውን ያንተ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

ቄሱ መሬቱ በግንቦት ሁለተኛው ሳምንት ይለቃል ይላሉ። ያን ጊዜ ባልዲው ቀልጦ ምሰሶው ይጋደላል፤ በትክክለኛ ጉድጓድ መቆም አለበት። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አንዱ አፈር ይመልሳል። ብቻዬን ስሞክረው ሁልጊዜ ይዘምብኛል። የሬሳ ሳጥኗንም በአንድ በኩል የሚይዝ ሰው ጎድሏል።

ቀዩ ስባሪ በወጥ ቤቱ መሳቢያ፣ ከማንኪያዎቹ ጋር ነው። ባለቤቱ ሲመጣ ይወስደዋል። ማንም ስለሱ አንዲት ቃል አይናገረውም።

እሷ ስትመርቀን «መንገዳችሁ ይጠረግ፣ ደጃችሁ ይብራ» ትል ነበር። እኔ ከዚያ የተሻለ ምርቃት አላውቅምና እሱኑ እልክልሃለሁ፤ ለሚስትህም እንዲሁ።

አንድ ነገር ብቻ በትክክል እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ያን ምሽት መብራቱን የጫነው ጣት የኔ ነው። ያበራችው ግን እሷ ናት።

ታላቅ ወንድምህ