ሻለቃ ዓይናቸውን ሊያሳዩ መጡ

ጥቅምት 6
ከሰዓት በኋላ የዓይን ክፍሌን በር ያንኳኩት አንድ ሽማግሌ ብቻ። ሽንት ቤት እየፈለጉ ነበር፤ አሳየኋቸው። ከዚያ የምርመራ መሣሪያዬን ወለወልኩ... ትናንትም ወልውዬው ነበር።
ፊት ለፊቴ ያለው የውስጥ ደዌ ክፍል ግን ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ግማሹ የስኳር ታካሚ ነው። ኮሪደሩን ተሻግሮ ወደኔ የሚመጣ የለም። ለምን? ማን ሂዱ ብሏቸው!

ጥቅምት 8
በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ፣ ደህና ቢያይም፣ በየዓመቱ ዓይኑ ይመርመር አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ቀጥኖ...
የመለሱልኝ የውስጥ ደዌው ኃላፊ ናቸው። "ሻለቃ" ነው የምንላቸው። ጦር ሜዳ ረግጠው አያውቁም፤ ሲናገሩ ግን እግራችን ራሱ ይገጥማል።
"ልጄ፣ የኔ ታካሚዎች ያያሉ። እንዲያውም ያበዙታል። ትናንት አንዷ፣ ዶክተር ካልሲዎ ለየቅል ነው አለችኝ። እኔስ? ስኳር ከያዘኝ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ዓይኔ ግን ጥርት ያለ ነው!"
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ... ምን አሳቀኝ?

ጥቅምት 9
ደረጃው ላይ ያዝኳቸው።
"ለመሆኑ ተመርምረው ያውቃሉ?"
"ለምን ብዬ? ማዶ ያለውን ማስታወቂያ ላንብብልሽ?" አነበቡት። ከሥሩ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍም። "ሰኞ እመጣለሁ። ምንም ስታጪ ስብሰባው ላይ ቆመሽ ትናገሪያለሽ።"
እሺ አልኩ። አይ አፌ!

ጥቅምት 13
መጡ። የዓይን ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ አደረግኩላቸው። ለጥቂት ሰዓት ቅርቡን ያደበዝዛል፣ ብርሃን ይወጋል። "እስኪሠራ እዚህ ይቀመጡ" ብዬ ዞር ከማለቴ... የሉም። ታካሚ ሊያዩ ሄደዋል!
አብራኝ የምትሠራው ነርስ ነች እየተንፈቀፈቀች የነገረችኝ። የታካሚዎቹ ክፍል ሲገቡ መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለ ጋውን ያያሉ። "አንተ! ሐኪም ግድግዳ አይደገፍም!" ጋውኑ ዝም። "መልስ እንጂ!" ከዚያ የአንዱን ታካሚ ካርድ አነሱ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት። በመጨረሻ ለራሱ ለታካሚው ሰጡት። ሰውዬው ጮክ ብሎ አነበበላቸውና፣ "ዶክተር፣ ከሁለታችን የታመመው ማነው?"
እጃቸውን ይዛ መለሰችልኝ።
ከዚያ አየሁ። ሳቄ ጠፋ። ሁለቱም ዓይን ውስጥ የደም ነጠብጣብ። ግራው ብሶ፣ አዳዲስ ቀጫጭን ደም ሥሮች አውጥቷል። እነዚያ ቢፈነዱ... በአንዴ መጨለም ነው።
"ምንም አልተሰማኝም እኮ!"
"አይሰማም። ሲሰማ ይረፍዳል።"
"ስብሰባው ላይ ልትናገሪ ነው?" ድምፃቸው የሌላ ሰው።
"የታካሚዬን ምስጢር? በጭራሽ።"

ጥቅምት 16
ግራ ዓይናቸውን በሌዘር ማከም ጀመርኩ።
"እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።"
"የሚንቀጠቀጠው የእርስዎ አገጭ ነው። ማስደገፊያው ላይ ያድርጉት።"
አደረጉ። ሻለቃ ታዘዙ!

ጥቅምት 20
ስብሰባ። ራሳቸው ተነሱ። "ይህች ልጅ ባትይዘኝ ኖሮ አንድ ዓይኔ ሄዶ ነበር። ደህና አያለሁ እያልኩ!" ብለው ሁሉንም ተናገሩ። ማንም አልሳቀም።
ከሰዓት ኮሪደሩ ጢም። ሐኪሙ ሁሉ ደንግጦ ያገኘውን ይልካል። ክንዱ የተሰበረ ሰው ሳይቀር ተልኮብኛል። ምሳ? የት ተገኝቶ!

ኅዳር 3
ሻለቃ ታላቅ እህታቸውን ይዘው መጡ። እህትየው እትዬ በይኝ አሉኝ። እትዬም ስኳር አለባቸው፤ ሐኪማቸው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ወንድማቸው።
"እግሬን ታያለህ፣ ጣቴን ትወጋለህ፣ ጣፋጭ ተዪ ትላለህ። ዓይኔን ለማን ትተኸው ነው? አሁን በምን ዓይንህ ነው የምታየኝ?"
"በቀኙ" አሉ ሻለቃ ቀስ ብለው። "ግራው ገና አላገገመም።"
እትዬ መቆጣታቸውን ረስተው ሳቁ። እኔ ልሳቅ ልተው... ጠብታውን ይዤ ቆሜያለሁ።
መረመርኩ። ሻለቃ ከኋላዬ ቆመዋል። ጥቂት ነጠብጣብ፣ ገና ጅምር። ስኳሩና ደም ግፊቱ ከተያዘ፣ በየጊዜው እየታዩ ይቀጥላሉ አልኩ። ለጊዜው ሌዘር አያስፈልግም። ሻለቃ ወደ ግድግዳው ዞረው መሀረብ አወጡ። ቆዩ።
እትዬ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ጮክ ብለው፣ "ግቡ፣ አትፍሩ! አያምም። ወንድሜ እንኳ ችሎታል!"