ለምን የሚለው መስመር

ጥር 6

ጠዋት ሁለት መጻሕፍት ጠረዝኩ። ሙጫው እስኪደርቅ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ለፕሮግራሙ አራት ማሻሻያ ተልኮልኛል። ሦስቱን ሳላስገባ መለስኩ። ለምን እንደቀየሩ አልጻፉም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ ሥር «ለምን» የሚለውን የሚመልስ አንድ መስመር። አንድ መስመር! ይህን ያህል ይከብዳል?

አራተኛውን ላነብ ስል ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። መነጽሬን ጠረግሁ። መነጽሩ አይደለም።

ጥር 9

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለልጄ ሙጫ ልገዛ ነው አልኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ግን ቁም ነገረኛ።

«አባት፣ የግራው አልቋል። የቀኙን ባለበት ለማቆየት እንሞክራለን።»

«እስከ መቼ?»

«ዓመት... ሁለት ዓመት። ቃል አልገባም።»

ቃል አለመግባቱን ወደድኩለት። ጠብታ ሰጠኝ።

መንገድ ላይ ያሰብኩት ፕሮግራሙን ብቻ ነው። አርባ ሦስት ቤተ መጻሕፍት ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚመዘግቡት በእሱ ነበር። አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ በሃምሳ ዓመቴ፣ ልጠርዘው ከመጣልኝ መጽሐፍ ላይ ተምሬ የጻፍኩት ነው። ኮዱ ክፍት ነው። ማንም ያየዋል፣ ማንም ይቀዳዋል፣ ማንም እርማት ይልካል። እርማቱን የሚያስገባው የይለፍ ቃል ግን እኔ ጋ ብቻ ነው። ቁልፍ እለዋለሁ። እኔ ካላየሁ ማን ሊያይ ነው?

ጥር 10

ወሰንኩ። እርማት የሚልኩትን ሁሉ በአካል እሰበስባለሁ። ሃያ ዓመት በጽሑፍ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። ቁልፉን የሚይዝ ሰው ከመሃላቸው እመርጣለሁ። ዓይኔ ሳይቀድመኝ።

የሰፈራችንን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አዳራሽ ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎ? ስብሰባ? ከሰው ጋር ሊነጋገሩ?»

«ቅዳሜ፣ መጋቢት 13። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።»

ሳቋን ስትጨርስ መዘገበችልኝ።

ጥር 14

ጥሪውን ጻፍኩ። እንደ ማንኛውም ፋይል ከኮዱ ጎን አስቀመጥኩት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ከዚያ፦ «ያረፈደ አይገባም። ሻይ የለም። የሚናገር ሰው ስለሠራው ይናገር እንጂ ሊሠራ ስላሰበው አይናገር።» በቂ ነው።

ጥር 15

ለእነዚህ ሰዎች ፋይል ከኮድ ጎን ካስቀመጥክላቸው ያርሙታል። እንዴት ረሳሁት? ዛሬ ብቻ በጥሪው ላይ ዘጠኝ እርማት መጣ። አንዱ «ሻይ የለም» የሚለውን «ሻይ አለ» አድርጎታል። ምክንያት፦ «ሰው ስለሆንን።» ሌላው «ያረፈደ አይገባም» የሚለውን ሰርዞታል። ምክንያት፦ «አውቶቡሱ የእኔ ስላልሆነ።»

ቀልደኞች። ግን ምክንያት ጽፈዋል። ምን ልበላቸው?

ሻዩን አስገባሁ። የማርፈዱን መለስኩ።

ጥር 22

ልጄ ጥሪውን አንብባ መጣች። ነርስ ናት። ኮድ አታውቅም፤ አባቷን ግን አብጠርጥራ ታውቃለች።

«አባዬ፣ ይሄ ግብዣ ነው የፍርድ ቤት መጥሪያ?»

«ደንብ ነው።»

«እሷስ ትመጣለች?»

«ማን?»

«አታሹፍ። ማን እንደሆነች ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ግልባጭ ነው የምላት። ከሦስት ዓመት በፊት ፊደሉን የሚያተልቅ ማሻሻያ ላከች። ሥራው ንጹሕ ነበር። ምክንያቱንም ጽፋለች፦ «ሁለት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ማንበብ ስላቃታቸው።» እኔ የመለስኩላት አሁንም እዚያው አለ። በእኛ ሥራ የተጻፈ አይጠፋም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ይቀመጣል።

«ያላየ ሰው መነጽር ይግዛ።»

ፕሮግራሙን እንዳለ ገልብጣ ሄደች። ፊደሉን በግልባጯ ላይ አተለቀች። አሥራ አንድ ቤተ መጻሕፍት ተከተሏት።

ልጄ ስትወጣ ያን መልሴን ከፍቼ ላነበው ሞከርኩ። አቃተኝ። ደግነቱ በቃሌ ነው የማውቀው... ደግነቱ?

የካቲት 3

ከግልባጭ እርማት መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ! በጥሪው ላይ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ሰሌዳ ላይ የሚታየው ሁሉ በትልቅ ፊደል ይሁን።» ምክንያት፦ «ከኋላ የሚቀመጥ ሰውም እንዲያነብ።»

ሌላ ቃል የለም። ሰላምታ የለም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልጽፍም ነበር።

የካቲት 4

አልመለስኩላትም።

የካቲት 7

በገዛ ደብተሬ ላይ መዋሸት ምን ያደርግልኛል? ሦስት ቀን ሙሉ ስህተት ፈለግሁበት። የለውም። የያዘኝ እልህ ነው። አስገባሁት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ «ሽማግሌው አመማቸው እንዴ?» ብሎ ጻፈ። «ከጥሪው ጋር ግንኙነት የለውም» ብዬ ዘጋሁት።

የካቲት 19

ፕሮጀክተሩን ልሞክር ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ስወጣ አንድ ደረጃ ስቼ ወደቅሁ። ጥበቃው ደግፎ አነሳኝ። «አባባ፣ ቀስ። ደረጃው ጥሎዎት አይሄድም።»

ጉልበቴ ተላጠ። ማታ ልጄ ቁስሉን ጠረገችልኝ። ስትጨርስ ከኮቴ ኪስ የጠብታውን ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ሙጫው ይሄ ነው?»

ነገርኳት። አላለቀሰችም። የእኔ ልጅ ናት።

«ለሰዎቹስ ትነግራቸዋለህ?»

«አልነግርም።»

«ቁልፉን ልትሰጥ ነው አይደል? ለምን ቢሉህስ?»

በገዛ ደንቤ ያዘችኝ። እራት ቀዘቀዘ አልኳት። አልቀዘቀዘም ነበር።

መጋቢት 12

ሠላሳ ወንበር ደረደርን። እኔን አንዱ ሳላየው አደናቀፈኝ፤ ልጄ እንዳላየች ሆነች። እመጣለሁ ያሉት ሃያ ስድስት ናቸው። ግልባጭ እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም።

መጋቢት 13

እጄ ዝሏል፤ ግን ዛሬ ካልጻፍኩ መቼ ልጽፍ?

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ቆለፍኩ። ሃያ ስድስቱም ገብተዋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተንኳኳ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ለምን?» አልኩ፣ ሳልከፍት።

የሴት ድምፅ መለሰ፦ «አውቶቡሱ ተበላሽቶ።»

ምክንያት ነው። ከፈትኩ። ከኋላ ጭብጨባ ቀለጠ።

አርባ የደፈነች፣ አጠር ያለች ሴት፤ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ፊት ወጣሁ። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ተውኩት። «የግራ ዓይኔ አልቋል። ቀኙም እየሄደ ነው። ቁልፉን ለሌላ ሰው የምሰጠው ለዚህ ነው» አልኩ። ልጄ ጥግ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ያንን የድሮ መልሴን ሰሌዳው ላይ አውጪልኝ አልኳት። በትልቅ ፊደል። ሁሉም አነበቡት። እኔም አነበብኩት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። መነጽር ገዛሁ። አልሠራም።»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ከመጨረሻው ወንበር ሳቅ ተሰማ። የእሷ ነው።

ማሻሻያዋን እዚያው፣ ሰው ፊት፣ ላስገባው ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ አይገባም» አለች። «የሦስት ዓመት ሥራ እኮ ነው። በዚህ መሃል ኮዱ ተቀያይሯል። ይጋጫል።»

እውነቷን ነው። ይህን ያህል የማላስብ ሆኛለሁ? «እንግዲያው ነይና እናስታርቀው» አልኳት።

አራት ሰዓት ፈጀ። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እከራከራለሁ፣ የቀሩት ከኋላችን ቆመው ይጮሃሉ። ሻዩ አለቀ። ሲያልቅ «ለምን» ከሚለው ሥር እኔ ልሙላ አልኳት። ጻፍኩ፦ «ስለተሳሳትኩ።»

ማንንም ሳላማክር ጠየቅኳት። «ቁልፉን ብሰጥሽ ትይዣለሽ?»

«እይዛለሁ። ግልባጩን እዘጋና አሥራ አንዱም ይመለሳሉ። ግን ደንቡ ለእርስዎም ይሠራል።»

«ለእኔማ ቀድሞ!»

መጋቢት 29

ትናንት አንዲት እርማት ልኬ ነበር። ሁለት ፊደል ብቻ። ዛሬ ግልባጭ መለሰችልኝ። «ለምን እንደቀየሩ አልጻፉም።»

ደሜ ፈላ። እኔን! ደንቡን ያወጣሁትን ሰውዬ! ተነስቼ አንድ መጽሐፍ ጠረዝኩ፣ ክሩን በዳበሳ። ስጨርስ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጽሑፉ እዚያው ይጠብቀኛል፣ ትልቅ፣ ጥቁር። ሳልጎነበስ ነው ያነበብኩት።

ምክንያቱን ጻፍኩ። አንድ መስመር።

ሙጫው ሳይደርቅ አስገባችው።